የነጋ ልጅ

ሥራዬ ስም መጻፍ ነው። ሰው ከባንኩ መስኮት ፊት ለፊቴ ሲቆም አስቀድሜ የምጠይቀው ስለ ገንዘቡ አይደለም፤ «ስምዎን እስከ አያት ይንገሩኝ» እላለሁ። የራሱን ስም ፈጠን ብሎ፣ የአባቱን ረጋ ብሎ ይነግረኛል፤ አያቱ ላይ ሲደርስ ደግሞ ትንሽ ያስባል። አያታቸውን ሲጠሩ ድምፃቸው ዝቅ የሚል ሽማግሌዎች አሉ። አንድ ቀን አንዲት ልጅ «አባቴን አላውቀውም፤ የእናቴን አባት ጻፍልኝ» ብላኝ ብዕሬ በአየር ላይ ቆሞ ቀርቷል። በአገራችን ስም መጠሪያ ብቻ አይደለም፤ ማስረጃ ነው፤ የማን ልጅ እንደሆንን በገዛ አፋችን የምንሰጠው ምስክርነት ነው።

የመጀመሪያው ባለ ታሪክ የአማርኛ ፊልም ርእስ ጥያቄ የሆነውም፣ ያውም የአባት ጥያቄ የሆነው፣ ስለዚህ ይመስለኛል። በ1957 ዓ.ም ለሕዝብ የታየው ያ ጥቁርና ነጭ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» ይባላል። ከቤተ መንግሥት እስከ ጠጅ ቤት ሲጠየቅ የኖረውን ጥያቄ፣ ሲኒማ ገና አፉን ሲፈታ ጠየቀው። እኔም ዛሬ ስለ አንዲት የፊልም ተዋናይት ልጽፍ ስነሣ ከዚያው ጥያቄ መጀመሬን አንባቢ ይታገሠኝ። ይህች ሴት የአማርኛ ፊልም ሠርታ አታውቅም። ስሟ ግን አማርኛ ነው።

*

አይከል ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ስልሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የጭልጋ ከተማ ናት። እኛ ዘንድ ፊልም ማየት ማለት ከጎንደር የመጣ ወዳጅ በፍላሽ የያዘውን ገልብጦ፣ መብራት ካለ በኮምፒውተር፣ ከሌለም ባትሪው እስኪያልቅ በስልክ ማየት ነው። በ2012 ዓ.ም ክረምት፣ ቆርቆሮው በዝናብ ሲንኳኳ ባመሸበት አንድ ምሽት፣ ርእሱን እንኳ በቅጡ ሳላነብ አንድ ፊልም ከፈትሁ።

ጨለማ ነው። የሌሊት ነፍሳት ድምፅ ይሰማል። የአንዲት ጠይም ወጣት ፊት ከጎን ይታያል። ልትናገር ትፈልጋለች፤ አትናገርም፤ ደግሞ ልትናገር ትፈልጋለች። ያች ዝምታ ረዘመችብኝ። በመጨረሻ ማርገዟን ትናገራለች፤ አጠገቧ የተቀመጠው ነጭ ወጣትም ጥቂት ዝም ብሎ ደስታውን ይገልጣል። ይኸው ነው። ሌላ ፊልም ቢሆን እዚህ ሙዚቃ ይገባ ነበር። እዚህ ግን የገባው የዚያች ሴት ዐይን ነው።

ፊልሙ ሲያልቅ የተዋንያኑን ዝርዝር እንደ ልማዴ አነበብሁ፤ የስም ሰው ነኝና። «ሩት ነጋ» ይላል፤ በላቲን ፊደል፣ በሁለት «ገ»። በአማርኛ ፊደላችን የማይጻፈው ጥብቀት በባዕድ ፊደል ተጽፎ አገኘሁት፤ ነጋ፣ ጠብቆ የሚነበበው፣ ጎሕ ቀደደ፣ ሌሊቱ አለፈ የሚለው ነጋ። ብቻዬን በተቀመጥሁበት «እንዴ!» ማለቴን አስታውሳለሁ።

*

ሩት ነጋ የተወለደችው አዲስ አበባ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በደርግ ዘመን። አባቷ ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ እናቷ አየርላንዳዊት ነርስ ነበሩ፤ የተዋወቁትም በሆስፒታል ሥራ ላይ ሳሉ ነው። ልጅቱ አራት ዓመት ሲሆናት ከእናቷ ጋር ወደ አየርላንድ ተሻገረች፤ ሊመሪክ በምትባል ከተማ አደገች፤ ኋላም ወደ ለንደን ሄደች። አባትየው ሊከተላቸው ታስቦ ነበር። ሳይከተላቸው ቀረ። ልጁ የሰባት ዓመት ሕፃን ሳለች በመኪና አደጋ ሞተ።

በዚያ ዘመን ስንት ቤት እንዲህ ለሁለት እንደ ተከፈለ የዕድሜ ባለጸጎቻችን ያውቁታል። አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ «እከተላለሁ» ይላል፤ በመካከል ድንበር፣ ፓስፖርት፣ ጦርነት፣ ወይም እንዲያው መንገድ ይገባል። የሩት አባት ከዚያ ሁሉ ተርፎ ይሆናል፤ ከመንገድ ግን አልተረፈም። ለልጁ የቀራት የሚጨበጥ ውርስ ስሙ ነበር።

የእኛ የስም ሥርዓት በአውሮፓ ሲደርስ አንድ እንግዳ ነገር ይገጥመዋል። እኛ ዘንድ ስም በየትውልዱ ይሞታል፤ አያት የልጅ ልጁን ያጅባል፣ ለቀጣዩ ትውልድ ግን ቦታውን ይለቅቃል። እዚያ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ይሆንና ሳይሞት ይቀጥላል። በእኛ ልማድ «ሩት ነጋ» ብሎ የጻፈ ሁሉ «የነጋ ልጅ ሩት» ማለቱ ነው። በፈረንጁ ልማድ ግን እርሷ ራሷ «ሚስ ነጋ» ናት። ስለዚህ ጋዜጠኞችና ሐያስያን ስለ እርሷ ሲጽፉ በየመስመሩ «ነጋ እንዲህ ተጫወተች፣ ነጋ እንዲህ አለች» ይላሉ። ትርጉሙን ሳያውቁት በየቀኑ ይደጋግሙታል።

*

ትወናን የተማረችው በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ፣ በታላቁ ጸሐፌ ተውኔት በሳሙኤል ቤኬት ስም በተሰየመው የድራማ ማእከል ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 «ካፒታል ሌተርስ» በተባለ የአየርላንድ ፊልም ውስጥ ከአፍሪካ በሕገ ወጥ መንገድ የመጣች ወጣት ሆና መሪ ገጸ ባሕርይ ተጫወተች። አንባቢ ልብ ይበል፤ የመጀመሪያው በር የተከፈተላት «ስደተኛ አፍሪካዊት» በሚል ምልክት ነው። ብዙ ጥቁር ተዋንያት በዚያ በር ገብተው እዚያው በረንዳ ላይ ሲቀሩ አይተናል።

እርሷ አልቀረችም። አየርላንዳዊው ዳይሬክተር ኒል ጆርዳን ሥራዋን አይቶ «ብሬክፋስት ኦን ፕሉቶ» ለተባለው ፊልሙ መረጣት፤ እርሷን ለማስገባትም ጽሑፉን እንዳስተካከለ ይነገራል። በዚያ እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ ፊልም ከሲሊያን መርፊ ጋር የተወነችው የአንዲት አየርላንዳዊት ልጅ ሆና እንጂ እንደ እንግዳ አይደለም። በማግሥቱ ዓመት የበርሊን ፊልም ፌስቲቫል ተስፋ ከተጣለባቸው የአውሮፓ ወጣት ተዋንያን መካከል ቆጠራት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዐሥር ዓመታት የሚወራባቸው አይደሉም፤ የተሠራባቸው ናቸው። በለንደኑ ናሽናል ቲያትር እ.ኤ.አ. በ2009 ከሔለን ሚረን ጋር የፈረንሳዊው ራሲን «ፌድር» ላይ አሪስያን፣ በ2010 ደግሞ በሼክስፒር «ሐምሌት» ላይ ኦፊልያን ሆና ቀረበች። በቴሌቪዥን ድራማዎች ሠራች። እ.ኤ.አ. በ2011 ቢቢሲ ባዘጋጀው «ሼርሊ» በተባለ ፊልም ውስጥ የዌልሷን ዘፋኝ ሼርሊ ባሴይን ሆነች። ባሴይም አባቷ አፍሪካዊ፣ እናቷ ነጭ፣ ገና በሕፃንነቷ ከአባቷ የተለየች ሴት ናት። ለዚህ ሥራዋ የአየርላንድ የፊልምና የቴሌቪዥን አካዳሚ ምርጥ ተዋናይት ብሎ ሸልሟታል።

እንዲህም ሆኖ የኋላ ኋላ ኦስካር በተሸለመው «ትዌልቭ ይርስ ኤ ስሌቭ» ውስጥ የሠራችው ክፍል በአርትዖት ጊዜ ተቆርጦ ወደቀ። እንደ አንድ ግጥም ሞካሪ ይህ ነገር ያባባኛል። የተሠራ፣ ያማረ፣ ነገር ግን የጠቅላላውን ርዝመት ለማሳጠር የተሰረዘ ስንኝ የሌለው ገጣሚ የለም። የሚለየን ከተሰረዝን በኋላ በምናደርገው ነው።

*

አሁን ወደዚያ ክረምት ምሽት ልመለስ። ያየሁት ፊልም «ላቪንግ» ይባላል፤ ዳይሬክተሩ ጄፍ ኒኮልስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በካን ፌስቲቫል ውድድር ቀርቧል። በእንግሊዝኛ «ላቪንግ» ማለት «የሚያፈቅር» እንደ ማለት ነው፤ እዚህ ግን የእውነተኛ ሰው የቤተሰብ ስም ነው። ስም ራሱ ትንቢት የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ሪቻርድ ላቪንግ በቨርጂንያ ግዛት ካሮላይን በተባለች የገጠር አውራጃ የሚኖር ነጭ ግንበኛ ነበር። ሚልድረድ ጥቁርና የቀይ ሕንድ ዘር ያላት የዚያው መንደር ልጅ ናት። ግዛታቸው ነጭና ጥቁር እንዳይጋቡ በሕግ ስለሚከለክል፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 1958 ወደ ዋሽንግተን ከተማ ሄደው ተጋብተው ተመለሱ። አምስት ሳምንት ያህል እንደ ቆዩ ፖሊሶች በሌሊት በር ገፍተው ገቡ፤ ባትሪ መብራት በዐይናቸው ላይ አበሩባቸው። ባልየው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የጋብቻ ምስክር ወረቀት አሳየ። «ይህ እዚህ አይሠራም» ተባለ።

ፍርድ ቤቱ የአንድ ዓመት እስራት ፈረደባቸው፤ ሆኖም ግዛቱን ለቅቀው ከሄዱና ለ25 ዓመት አብረው ካልተመለሱ እስራቱ እንደሚነሣላቸው አስታወቀ። ዳኛው ኋላ ለዚህ ፍርዳቸው በጻፉት ምክንያት እግዚአብሔር ዘሮችን በየክፍለ ዓለሙ ለያይቶ ያስቀመጣቸው እንዳይቀላቀሉ ነው ብለው ነበር። እግዚአብሔርን በራስ ጥላቻ ላይ ማስፈረም ለእኛም አዲስ ነገር አይደለም።

ባልና ሚስቱ ወደ ዋሽንግተን ተሰደዱ። እ.ኤ.አ. በ1963 ሚልድረድ ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ለሮበርት ኬኔዲ ደብዳቤ ጻፈች። ጉዳዩ በሲቪል መብት ጠበቆች ተይዞ ከፍርድ ቤት ወደ ፍርድ ቤት ሲወጣ ኖረና፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 12 ቀን 1967 የአገሪቱ የበላይ ፍርድ ቤት ዘጠኙም ዳኞች ተስማምተው ሕጉን ሻሩት። በዚያ ቀን እንዲህ ያለ ሕግ በ16 ግዛቶች ይሠራ ነበር። ሪቻርድ ወደ ችሎቱ አልሄደም። ጠበቃው ለዳኞቹ ምን እንዲነግርለት ሲጠይቀው፣ ሚስቱን እንደሚወድ እንዲነግርለት ብቻ ነበር ያዘዘው።

ይህን ታሪክ ሌላ ሰው ቢሠራው በችሎት ንግግር ይሞላው ነበር። ኒኮልስ ግን ችሎቱን ከሩቅ አሳይቶ ቤቱን ከቅርብ አሳየን፤ ያም የሆነው ሩት ነጋ ስለነበረችለት ነው። ሚልድረድን የተጫወተችው በጩኸት አይደለም። ስትፈራ አንገቷ ዝቅ ይላል፤ ስትቆርጥ ደግሞ ዐይኗ ቀና ይላል፤ በዚህ ዝቅታና ቀናታ መካከል ዐሥር ዓመት ያልፋል። በመጀመሪያ ባሏ ይናገራል፣ እርሷ ታዳምጣለች። ቀስ በቀስ ስልኩን የምታነሣው፣ ደብዳቤውን የምትጽፈው፣ ከጋዜጠኛው ጋር የምትነጋገረው እርሷ ትሆናለች፤ ባልየው ግን በግንበኛ እጁ ዝም ይላል። የፍርዱ ዜና የሚደርሳትም በስልክ ነው። ስልኩን ይዛ የምታሳየው ፊት የደስታ ፊት ብቻ አይደለም፤ ድካሙን፣ የጠፉትን ዓመታት፣ «ይህ ሁሉ ለዚህ ነበርን?» የሚለውን ጥያቄ በአንድነት የያዘ ፊት ነው።

ሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1975 ሰክሮ ይነዳ በነበረ ሰው መኪና ተገጭቶ ሞተ፤ ሚልድረድም በዚያው አደጋ አንድ ዐይኗን አጣች። እስከ ዕለተ ሞቷ፣ እስከ 2008፣ ሌላ ባል አላገባችም። ይህን ሳነብ የሩት አባት ትዝ አለኝ። መኪና የአባቷን ዕድሜ ወሰደ፤ መኪና የሚልድረድን ባል ወሰደ። ተዋናይት የሌላውን ሐዘን የምትውስ ይመስለናል። አንዳንዴ ግን የራሷን ነው በሌላ ስም የምታለቅሰው።

ለዚህ ሥራዋ ሩት ነጋ እ.ኤ.አ. በ2017 ለኦስካር ምርጥ ተዋናይትነት ታጨች። በዕጩነት አብረዋት የተሰለፉት ሜሪል ስትሪፕ፣ ናታሊ ፖርትማን፣ ፈረንሳዊቷ ኢዛቤል ዩፔርና ኤማ ስቶን ነበሩ፤ ሽልማቱም ለኤማ ስቶን ሆነ። እኔን የገረመኝ መሸነፏ አይደለም። ያን ሌሊት በዓለም ሁሉ ፊት ከአምስት ስሞች አንዱ «ነጋ» ተብሎ መጠራቱ ነው።

*

ይህን ፊልም ለምን እንዲህ ልብ ውስጥ እንዳስገባሁት ሳልናገር ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም።

ጭልጋ አማራና ቅማንት ለብዙ ትውልድ አብሮ ያረሰበት፣ የተጋባበት፣ ክርስትና የተነሣበት አገር ነው። ከእኛ መካከል አጥንቱን ቆጥሮ «ንጹሕ ይህ ነኝ» የሚል ቢገኝ፣ ቆጠራውን ቶሎ ስላቆመ ነው። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም ግን በአካባቢያችን ግጭት ተነሣ፤ ሰው ሞተ፤ ቤት ተቃጠለ፤ ብዙ ሕዝብ ተፈናቀለ። የማን ጥፋት ነው የሚለውን ለመፍረድ እዚህ አልጻፍሁም። የጻፍሁት መስኮቴ ፊት ስለ ቆሙ ሁለት ሰዎች ነው።

ባልና ሚስት ናቸው። በጋራ ያጠራቀሙትን ገንዘብ እኩል ለሁለት እንድከፍልላቸው ጠየቁኝ። የተጣሉ አይመስሉም፤ እጃቸው እንኳ በአንድ ባንኮኒ ላይ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። እርሷ ወደ ወገኖቿ፣ እርሱም ወደ ወገኖቹ «ነገሩ እስኪያልፍ» ሊሄዱ ነው። የሁለቱንም ስም እስከ አያት ጻፍሁ። ያን ቀን ከምንጊዜውም ይልቅ «እስከ አያት» የሚለው ቃል አፌን መረረኝ፤ ሰው በአያቱ ስም ሲለያይ ማየት ነበረና። ገንዘቡን ቆጥሬ ስጨርስ ሴትየዋ «ወንድሜ፣ ደብተሩን አትዝጋው፤ ሃምሳ ብር ይቅርበት» አለችኝ። ባልየው ቀና ብሎ አያት። ቃል አልተናገረም።

ከዓመት በኋላ ያን ፊልም ሳይ ሪቻርድ ላቪንግ ሚስቱን ቀና ብሎ ሲያያት፣ ያ ሰው እርሱ ነበር። ሚልድረድ ዝም ስትል፣ ያች ሴት እርሷ ነበረች። ቨርጂንያ ለካ ከአይከል ሩቅ አይደለችም። የእኛ አጥንት ቆጠራ የተጻፈ ሕግ የለውም፤ ዳኛም አላስቀመጠም። ግን ሌሊት በር ገፍቶ መግባትን ያውቅበታል፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውንም የሠርግ ፎቶግራፍ «ይህ እዚህ አይሠራም» ማለትን ያውቅበታል።

የደንበኛን ጉዳይ ማውጣት የሥራዬ ሥነ ምግባር አይፈቅድምና የሚያስታውቃቸውን ሁሉ ትቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልናገር፦ ያ ሒሳብ እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

*

ሩት ነጋ ከ«ላቪንግ» በኋላ የሠራችው ትልቁ የፊልም ሥራ የዚያ ግልባጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው «ፓሲንግ» በአሜሪካዊቷ ደራሲ በኔላ ላርሰን የ1929 ልብ ወለድ ላይ የተመሠረተ ነው። ርእሱ ቆዳዋ የቀላ ጥቁር ሴት ነጭ መስላ፣ ዘሯን ሸሽጋ በነጮች መካከል የምትኖረውን ኑሮ ያመለክታል። ዳይሬክተሯ ሬቤካ ሆል ናት፤ የእናቷ አባት ራሱ እንዲያ ተሸሽጎ የኖረ ሰው ነበር። ፊልሙን በጥቁርና ነጭ ማንሣቷ ረቂቅ ሐሳብ ነው፤ በጥቁርና ነጭ ፊልም ውስጥ ማንም ጥቁር ወይም ነጭ አይደለም፤ ሁሉም ግራጫ ነው።

ሩት የተጫወተችው ክሌር የተባለችውን ሴት ነው። ባሏ ጥቁርን የሚጠላ ነጭ ነው፤ የተኛው ከማን ጋር እንደሆነ አያውቅም። ክሌር ትስቃለች፣ ትቀልዳለች፣ ክፍሉን ሁሉ ታበራለች፤ ከልጅነት ጓደኛዋ ከአይሪን፣ ማለትም ከቴሳ ቶምፕሰን ጋር ስትገናኝ ግን የተወችው ወገን ናፍቆት ያንገበግባታል። መጨረሻዋ የከፍታ መስኮትና በረዶ ነው። ገፍተዋት ይሁን ወድቃ፣ መጽሐፉም ፊልሙም አይነግሩንም።

ሚልድረድ ስሟን ይዛ ተሰደደች፤ ክሌር ስሟን ደብቃ ተመቻቸች። አንደኛይቱ ቤቷን አጣችና መልሳ አገኘችው፤ ሁለተኛይቱ ቤት አገኘችና ራሷን አጣች። አንዲት ተዋናይት ሁለቱንም በአምስት ዓመት ልዩነት መጫወቷ አጋጣሚ ቢሆን እንኳ ትርጉም ያለው አጋጣሚ ነው። ለዚህኛውም ሥራ የብሪታንያው ባፍታና የጎልደን ግሎብ ሸልማቶች በረዳት ተዋናይትነት አጭተዋት ነበር።

*

ስለ መድረክ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ከሁሉ ይልቅ የሚጣፍጠው እርሱ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ2018 በደብሊን ጌት ቲያትር ሩት ነጋ ሐምሌትን ሆነች። ኦፊልያን አላልሁም፤ ራሱን ሐምሌትን። በ2020ም ይህንኑ ይዛ ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ቀረበች። ሐምሌት ደግሞ ምንድን ነው? አባቱ ድንገት የሞተበት፣ በሌሊት የአባቱ መንፈስ እየመጣ «አትርሳኝ» የሚለው ልጅ አይደለምን? ይህን ቴአትር ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ መልሶልናል፤ «ማክቤዝ»ንና «ኦቴሎ»ንም እንዲሁ። በአማርኛ ያነበብነው የአባት መንፈስ በደብሊን መድረክ ላይ ለአንድ ኢትዮጵያዊ ልጅ ተገለጠ። እ.ኤ.አ. በ2022ም በብሮድዌይ ከዳንኤል ክሬግ ጋር እመቤት ማክቤዝን ተጫውታ ለቶኒ ሽልማት ታጨች።

በእኛ አገር መድረክ ሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ወንዶች የነበሩበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ያን የሰበረችው አስናቀች ወርቁ ናት፤ ክራሯንና ውበቷን ይዛ በ1940ዎቹ ወደ መድረክ ስትወጣ የደረሰባትን ስድብ የሚያውቁ ነገረውናል። ተዋናይት መሆን በዚያን ጊዜ ከወገን መለየት ነበር። አስናቀች በመስከረም 2004 ዓ.ም አረፈች። ወንድ ሴትን ሆኖ ይሠራበት ከነበረው መድረክ ተነሥተን ሴት ሐምሌትን እስከምትሆንበት መድረክ ያለውን መንገድ ስናስብ፣ በመነሻው ላይ አስናቀችን ማቆም ይገባናል።

*

እንግዲህ ሩት ነጋ የማን ናት?

እኛ የራቀ ዘመድ መቁጠር እናውቅበታለን። ፑሽኪንን በቅድመ አያቱ በኩል የእኛ አድርገን አዲስ አበባ ላይ ሐውልት አቁመንለታል፤ የቅድመ አያቱ የትውልድ ስፍራ ግን ዛሬም ተመራማሪዎችን ያከራክራል። ሩት ዘንድ ክርክር የለም፤ አዲስ አበባ ተወልዳለች። ያም ሆኖ «የእኛ ናት» ስንል ምን ማለታችን ነው? አላሳደግናትም፤ አላስተማርናትም፤ አንዲት የትያትር ትኬት እንኳ አልቆረጥንላትም። አየርላንድ የራሷ ልጅ አድርጋ ይዛታለች፤ እርሷም አየርላንዳዊትነቷን አልካደችም።

የጎንደሩ ልጅ ኃይሌ ገሪማ በልጅነቱ እዚሁ ጎንደር ታርዛንን ሲያይ፣ ከጥቁሮቹ ይልቅ ለታርዛን ሲጮህ እንደነበር ደጋግሞ ተናግሯል። ዕድሜውን ሙሉ የደከመው ያን ጩኸት ለመመለስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 «ጤዛ»ን ሲሠራም ወደ ገዛ ምድሩ፣ ወደ ገዛ ቋንቋው ተመለሰ። ያ አንድ መንገድ ነው። ሩት ነጋ ደግሞ በአራት ዓመቷ የተነጠቀችውን ልትመልስ አትችልም። ቋንቋው የላትም፣ አባቷ የላትም። ያላት ስሙ ነው። መድረክ ላይ ቀላል ስም፣ ለፈረንጅ አፍ የሚመች ስም ማውጣት የተለመደ በሆነበት ሙያ ውስጥ እርሷ የአባቷን ስም፣ ከነጥብቀቱ፣ ጠብቃ ይዛለች። ለእኔ ኢትዮጵያዊነቷ ከዚህ አይበልጥም፤ ከዚህም አያንስም።

ስለዚህ «የማን ናት?» የሚለውን ጥያቄ ትቼዋለሁ። «ሂሩት አባቷ ማነው?» ብለን ከጠየቅን ስልሳ ዓመት አለፈን፤ ሰውን በአባቱ ስም ከመጠየቅ አልፈን በአያቱ ስም ማሳደድ ደረስን። ነገም በማለዳ መስኮቴን ከፍቼ «እስከ አያት ይንገሩኝ» ማለቴ አይቀርም፤ ሕጉ ነውና። ግን ስም ለምን እንደተሰጠ ከዚህች ሴት ተምሬአለሁ። ስም አጥር አይደለም፤ አደራ ነው። ሟች የሚወስደው አይደለም፤ ለሚቀጥለው የሚያቀብለው ነው።

ልማዴ ሆኖ ያለ ስንኝ መለየት አልችልም፤ ይህችን ለነጋ ልጅ ጽፌላታለሁ፦

አባት መንገድ ቀርቶ ሌሊት ሲዘረጋ፣
ስሙን ብቻ ይዛ ልጅ ወጣች ፍለጋ፤
በጨለማው እልፍኝ ጨረሩ ሲወጋ፣
ስሟን የሚጠራው ሳያውቅ ይላል ነጋ።

ለአገራችንም ይንጋላት። ቸር እንሰንብት።